«ትንሽ ያያል»፦ ዓይነ ስውር ልጅን ትምህርት ቤት ለማስገባት ምን ይጠየቃል?

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት አራት ኪሎ ድረስ መጥታ አገኘችኝ። ሰባት ዓመት የሞላው ልጇን በአንድ እጇ ይዛለች። በሌላው እጇ በፌስታል የተጠቀለለ የሐኪም ወረቀት አለ። ስልኬን የሰጣት ስድስት ኪሎ የሚማር ዓይነ ስውር ተማሪ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ መጽሐፍ አነብለታለሁ።

ሻይ ቤት ገብተን ቁጭ ከማለታችን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እህቴ፣ ይሄ ልጅ ትንሽ ያያል። ሲጠይቁህ ምንም አላይም በል ብዬዋለሁ። ያያል ካሉ ይመልሱብኛላ።»

ልጁ አንገቱን ደፍቷል። የጠረጴዛውን ልብስ አፍንጫው ድረስ ስቦ፣ የታተሙበትን አበቦች አንድ በአንድ እያየ ነበር።

ይህን ፍርሃት ከብዙ ወላጆች ሰምቻለሁ። አንዳንዱ «ትንሽ ስለሚያይ አይቀበሉትም» ይላል። ሌላው «ጭራሽ ስለማያይ አይቀበሉትም» ይላል። ሁለቱም ትምህርት ቤት የሚደረገውን ምዘና እንደ ችሎት ነው የሚያዩት። ምዘናው ግን የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው፦ ይህ ልጅ በዓይኑ ነው የሚማረው፣ በጣቱ ነው፣ ወይስ በሁለቱም? ወላጅ ይህን ካወቀ ሌላው ሁሉ ይቀለዋል። ስለዚህ ያን ቀን ለእሷ የነገርኳትን ሰፋ አድርጌ እጽፈዋለሁ።

በሩ አንድ አይደለም

«የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት» ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ሰበታ ነው። እውነትም የሰበታው መርሐ ዕውራን ስሙ የገነነ ነው። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። አዳሪ ነው። ልጁ እዚያው ይበላል፣ እዚያው ያድራል፣ ጓደኞቹም እንደ እሱ ማየት የተሳናቸው ናቸው። ሻሸመኔም የካቶሊክ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አለ።

ሁለተኛው በር አካቶ ትምህርት የሚባለው ነው። እዚህ ልጁ ከቤቱ እየተመላለሰ፣ ከዓይናማ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተቀምጦ ይማራል። ነገሩ እንዲሠራ ትምህርት ቤቱ ብሬል (በጣት የሚነበበውን የነጥብ ጽሑፍ) የሚያውቅ የልዩ ፍላጎት መምህርና ዕቃ ያለው የድጋፍ ክፍል ያስፈልገዋል። መሃል ከተማ ውስጥ ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ዓይነ ስውራንን በመቀበል ይታወቃል። የጀርመን ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤትም ዓይነ ስውራንን ከዓይናሞች ጋር ያስተምራል።

አንዱን በር የመረጠ ሌላውን ለዘላለም ዘጋ ማለት አይደለም። የአካል ጉዳተኞች መብት ተሟጋቿን የትነበርሽ ንጉሤን ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። ዓይኗን ያጣችው በአምስት ዓመቷ ነው። መጀመሪያ ሻሸመኔ አዳሪ ገባች። በኋላ አዲስ አበባ መጥታ ዳግማዊ ምኒልክ ከዓይናማ ተማሪዎች ጋር ተማረች። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሕግ አጠናች። በ2010 ዓ.ም. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘች። አዳሪ ቤቱ ብሬሉንና ራስን መቻሉን ሰጥቶ፣ መደበኛው ትምህርት ቤት ደግሞ ቀጥሎ ሲቀበል መንገዱ እንዲህ ይሆናል።

የእኔን አስተያየት ለሚጠይቀኝ፣ ቤተሰቡ አዲስ አበባ ከሆነና የድጋፍ ክፍል ያለው ትምህርት ቤት በታክሲ ወይም በአውቶቡስ ከተደረሰ፣ ሕፃን ልጅ ማታ እናቱ ጋ ቢያድር እመርጣለሁ። ገጠር ላለ፣ በአካባቢው ብሬል የሚያውቅ አንድ ሰው ለሌለው ልጅ ግን አዳሪ ቤት ሕይወት ነው።

የሐኪሙ ወረቀት ምን ይላል?

በየትኛውም በር ቢገባ መጀመሪያ የሚጠየቀው የዓይን ምርመራ ውጤት ነው። የአዲስ አበባ ሰው ዓይኑን ሲያመው እግሩ የሚመራው ወደ ምኒልክ ሆስፒታል ነው። ወረቀቱ ተጽፎ ይሰጣል። ችግሩ ወላጅ አያነበውም፤ የሚያነብለትም የለም። እኔም መጀመሪያ ጊዜ ሳየው ምንም አልገባኝም ነበር።

እናትየው ወረቀቱን ከፌስታሉ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ከብዙ መታጠፍ የተነሳ መሃሉ ሊበጠስ ደርሷል። ሁለት መስመር አለው። አንዱ ለቀኝ ዓይን፣ አንዱ ለግራ። በቀኙ በኩል «ኤልፒ» ይላል። በግራው 4/60።

4/60 ሲባል የላይኛው ቁጥር ልጁ ከፊደል ሰሌዳው የቆመበት ርቀት ነው፣ በሜትር። የታችኛው፣ ጤነኛ ዓይን ያንኑ ፊደል ከስንት ሜትር እንደሚያየው ይናገራል። ስለዚህ ይህ ልጅ በ4 ሜትር የሚያየውን ሌላው ሰው በ60 ሜትር ያየዋል ማለት ነው። ሰሌዳውን ጭራሽ ማንበብ ለማይችል ዓይን ሐኪሞች በፊደል ምልክት ይጽፋሉ። «ሲኤፍ» ካለ ፊቱ የተዘረጋ ጣት መቁጠር ይችላል። «ኤችኤም» ካለ እጅ ሲወዛወዝ ይታየዋል። «ኤልፒ» ካለ ብርሃንና ጨለማ ይለያል። «ኤንኤልፒ» ካለ ብርሃንም አይታየውም።

የዓለም ጤና ድርጅት መስመር የሚያሰምረው በተሻለው ዓይን ነው። የተሻለው ዓይን ከ3/60 በታች ከሆነ ዓይነ ስውርነት ይባላል። ከ6/18 በታች ሆኖ እስከ 3/60 ያለው ሎው ቪዥን፣ ማለትም ትንሽ የሚያይ ነው። ሌላም ነገር አለ። የማየት ስፋቱ በጣም የጠበበ፣ ከ10 ዲግሪ የማይበልጥ ሰው፣ ፊት ለፊቱ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ቢያነብም ዓይነ ስውር ተብሎ ይመዘገባል። በቀጭን ቱቦ እንደማየት ነው። እንዲህ ያለው ልጅ መጽሐፍ እያነበበ በር ይገጫል። ሲመሽ ዳፍንት ይይዘዋል። ሰው ደግሞ «ያስመስላል» ይለዋል። ልጅን እንዲህ አትበሉት። ሁለቱም እውነት ነው፤ ያነባልም፣ በሩም አይታየውም።

እንግዲህ የእኛ ልጅ የተሻለው ዓይኑ 4/60 ነው። በሕክምናው ቋንቋ ሎው ቪዥን ነው እንጂ ዓይነ ስውር አይደለም። ይህን ስነግራት እናቱ ደነገጠች። «በቃ አለቀለት ማለት ነው?» አለች። አላለቀለትም። እንደ እሱ ያሉት እንዲያውም ይበዛሉ። በ1998 ዓ.ም. በተደረገው ሀገር አቀፍ ጥናት ከመቶ ኢትዮጵያዊ 1.6ቱ ዓይነ ስውር፣ 3.7ቱ ሎው ቪዥን ሆነው ተገኝተዋል። ለአንድ ዓይነ ስውር ከሁለት በላይ ትንሽ የሚያዩ ሰዎች አሉ ማለት ነው። ትምህርት ቤቶቹ ሁለቱንም ዓይነት ልጅ ያውቋቸዋል።

በዚያው ጥናት ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉን ያመጣው የዓይን ሞራ ነው። ሞራ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ስለዚህ ትምህርት ቤት ከመሮጥ በፊት ሐኪሙን አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ «ይሄ ይታከማል?» በሕፃን ላይ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። ሞራ ይዞ የተወለደ ልጅ ሕክምናው ከዘገየ፣ ሞራው ቢወጣም አንጎሉ ማየትን ሳይለምድ ይቀራል። ጸበል የሚያስጠምቁ እናቶችን አውቃለሁ፤ እምነታቸውን አከብራለሁ። ጸበሉም ይቀጥል፣ ሐኪሙም ይታይ። አንዱ ሌላውን እንዲያስጠብቅ አታድርጉ።

ሌላው ወረቀት

ይህ ቀላሉ ነው። የልደት የምስክር ወረቀት፣ የወላጅ ወይም የአሳዳጊ መታወቂያ፣ ጉርድ ፎቶ፣ የክትባት ካርድ፣ ተምሮ ከነበረ የቀድሞ ትምህርት ቤቱ ውጤት፣ እና ብዙ ጊዜ ከወረዳ የሚጻፍ ደብዳቤ። አዳሪ ከሆነ ደግሞ ልጁ ሲታመምና ትምህርት ሲዘጋ የሚወስደው ሰው በስም ይጠየቃል። ዝርዝሩ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይለያያልና ቀድማችሁ ደውሉ። ሁሉንም ሁለት ሁለት ኮፒ አድርጉ። ምዝገባ ክረምት ላይ ነውና ጳጉሜን አትጠብቁ፤ የአዳሪ ቤት አልጋ የተቆጠረ ነው።

ምዘናው

ወላጅ የሚፈራው ይህ ነው። እኔ ከአንዲት እናት ጋር አብሬ ገብቼ አይቻለሁ፤ ያየሁትን ልንገራችሁ።

መምህሯ ዓይነ ስውር ናት። ጠረጴዛዋ ላይ አንድ ሳህን አለ፤ ውስጡ ባቄላና ምስር ተቀላቅሏል። ልጅቷን አስቀመጠቻትና «ለዪልኝ እስቲ የኔ ቆንጆ» አለቻት። ልጅቷ በሁለት ጣቷ አንስታ ባቄላውን ወደ ግራ፣ ምስሩን ወደ ቀኝ ታደርግ ጀመር። መምህሯ አታቋርጣትም። ድምፁን እየሰማች ፈገግ ትላለች። ከዚያ የሹራብ ቁልፍ እንድትቆልፍ ጠየቀቻት። ጫማዋን እንድታወልቅና መልሳ እንድታደርግ። ከወንበሯ ተነስታ በሩን ፈልጋ እንድትመለስ። ስሟን፣ የሰፈሯን ስም፣ ስንት እህትና ወንድም እንዳላት ጠየቀቻት። ተረት ነግራት መልሳ እንድትነግራት አደረገች።

እናትየው ልጇ ጫማዋን አዛብታ ስታደርግ ሮጣ ልታስተካክል ተነሳች። መምህሯ «ተይያት እናቷ» አለች። ልጅቷ ቀኙን በግራ አድርጋ ነበር። መምህሯ በእጇ ዳስሳ አወቀችው፤ ግን ከልጅቷ ነጥብ አልቀነሰችም። ከየት እንደምትጀምር ነው ያወቀችው።

እያንዳንዱ ሥራ ምክንያት አለው። ባቄላና ምስር የሚለይ ጣት የብሬል ነጥብ ይለያል። በሩን ፈልጎ የተመለሰ ልጅ ነጭ በትር ቶሎ ይለምዳል። ተረቱን የደገመ ልጅ የሰማውን መያዝ ይችላል። ጆሮውም ይታያል፤ የማያይ ልጅ ላይ የመስማት ችግር ከተጨመረ የትምህርቱ መንገድ ጭራሽ ሌላ ነው።

ይህን ያየሁ ዕለት በጣም ያሳዘነኝ ነገር ቢኖር ሌላ ልጅ ነው። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በእጁ ማንኪያ ይዞ በልቶ አያውቅም። ቤተሰቡ ከፍቅር ብዛት ሲያጎርሰው፣ ሲያለብሰው፣ ተሸክሞ ሲያወጣው ኖሯል። ጣቶቹ ለስላሳ ናቸው፣ ምንም ሠርተው አያውቁም። እሱን ወደኋላ ያስቀረው ዓይኑ ሳይሆን እንክብካቤው ነው። ስለዚህ የማያይ ልጅ ያላችሁ፣ ዛሬውኑ ምስር አስለቅሙት። ሽንኩርት ይላጥ። ካልሲውን ያጥፍ። የራሱን ሰሃን ማጀት ይመልስ። የመግቢያ ዝግጅት ማለት ይሄ ነው።

ትንሽ የሚያይ ልጅ ላይ ደግሞ ሌላ ምዘና ይጨመራል። ስንት የሚያክል ፊደል ያነባል? ብርሃኑ ከፊቱ ሲሆን ይሻለዋል ወይስ ከኋላው? ጥቁር በነጭ ነው የሚታየው ወይስ ነጭ በጥቁር? ወረቀቱን ስንት ያስጠጋል? የሆስፒታሉ ቁጥር ይህን አይናገርም። ሁለት ልጆች እኩል 4/60 ተጽፎላቸው አንዱ በአጉሊ መነጽር ሲያነብ ሌላው ላይችል ይችላል።

ወላጅ ሲደብቅ ልጁ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። «ምንም አላይም» ያለ ልጅ ብሬል ይሰጠዋል። ብሬሉን ግን በጣቱ አያነበውም። ወረቀቱን ወደ መስኮት አዘንብሎ የነጥቦቹን ጥላ በዓይኑ ያነባል። በዓይኔ አይቻለሁ፤ አንገቱ ተጣሞ፣ አፍንጫው ወረቀቱን ነክቶ። ያች የቀረችው ትንሽ እይታ ነጭ ወረቀት ላይ ነጭ ነጥብ ስትፈልግ ትደክማለች። ጣቱም አይሰለጥንም። በትልቁ የተጻፈ ጥቁር ፊደል ቢሰጠው ኖሮ በቀላሉ ያነብ ነበር። እይታው እየቀነሰ የሚሄድ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ሁለቱንም ጎን ለጎን መማር አለበት። ይህን የሚወስነው መምህር እውነቱን ካልሰማ በምን ያውቃል?

ከገባ በኋላ መጀመሪያ የሚማረው

ብሬል ስድስት ነጥብ ነው፤ ሦስት በግራ፣ ሦስት በቀኝ። የእኛ ፊደል ብዛት የሚያስፈራው ሰው ይጠይቀኛል፤ «ሁለት መቶ ምናምን ፊደል እንዴት በስድስት ነጥብ?» መልሱ ደስ ይላል። በአማርኛ ብሬል ፊደሉና ድምፁ ለየብቻ ይጻፋሉ። «ሰላም» በዓይናማ ጽሑፍ ሦስት ፊደል ነው። በብሬል አምስት ቤት (ባለ ስድስት ነጥብ ቦታ) ይይዛል። ለ«ሰ» ሁለት፣ ለ«ላ» ሁለት፣ ለ«ም» ግን አንድ ብቻ። ሳድስ ተጨማሪ ምልክት አያስፈልገውም። ስለዚህ ልጁ የሚያጠናው ሁለት መቶ ቅርጽ ሳይሆን ተነባቢዎቹንና ጥቂት የድምፅ ምልክቶችን ነው።

የሚጻፈው በስሌትና በስታይለስ ነው። ስሌቱ ወረቀቱን ይይዛል፤ ስታይለሱ እንደ አጭር ወስፌ ሆኖ ይወጋል። ከቀኝ ወደ ግራ ይወጋና ወረቀቱ ሲገለበጥ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። ክፍሉ ውስጥ ሁሉም አንድ ላይ ሲጽፉ ጠብ ጠብ የሚል ድምፅ አለ፤ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲጀምር ዓይነት።

ዓይኑን ዘግይቶ ያጣ ልጅም አለ። አራተኛ ክፍል ደርሶ ዓይኑ የጠፋ ልጅ እንደገና አንደኛ ክፍል መቀመጥ የለበትም። የሚያስፈልገው ብሬልና በበትር መሄድ ተምሮ ወደ ክፍሉ መመለስ ነው። ይህን በግልጽ ጠይቁላቸው።

ወላጅም ይጠይቅ

መጠየቅ የትምህርት ቤቱ መብት ብቻ አይመስላችሁ። እኔ ብሆን መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ሒሳብ ነው። በብዙ ቦታ ዓይነ ስውር ተማሪዎች ሒሳብን ሲዘሉ ኖረዋል። «ይቅርብህ» የሚባለው ለልጁ ታዝኖ ነው። ግን ያ ልጅ ሲያድግ ብዙ የትምህርት ዘርፍ ይዘጋበታል። «ሒሳብ በምን ታስተምራላችሁ?» በሉ። ሁለተኛ፣ ነጭ በትር ከስንተኛ ክፍል ይሰጣል? ሦስተኛ፣ መጽሐፉ በብሬል አለ ወይስ አንባቢ ነው የሚጠበቀው? ኮምፒውተርና ስልክ በድምፅ መጠቀም ያስተምራሉ? ለኮምፒውተር ኤንቪዲኤ የሚባለው ንባብ ፕሮግራም በነፃ ነውና «ገንዘብ የለንም» ብቻውን መልስ አይሆንም።

ሴት ልጅ አዳሪ ስታስገቡ ደግሞ መኝታ ቤቱን ግቡና እዩ። ሌሊት ማን አብሯቸው ያድራል? መፀዳጃው ስንት እርምጃ ነው? በሩ ከውስጥ ይቆለፋል? አትፍሩ። ጥሩ ትምህርት ቤት በዚህ ጥያቄ አይቀየምም።

«መምህር የለንም» ሲሏችሁ

እኔም አንድ ጊዜ ከጎረቤቴ ልጅ ጋር ሄጄ ተመልሻለሁ። ቢሮው ውስጥ የነበሩት ሰውዬ ወረቀቱን ሳያነቡ «ሰበታ ውሰጂው፣ እዚህ መምህር የለንም» አሉኝ። ስንወጣ ልጁ «አልወደዱኝም?» ብሎ ጠየቀኝ። ምን እንደመለስኩለት አላስታውስም።

አሁን ቢሆን የማደርገው ሌላ ነው። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 24 ማንም ልጅ በአካል ጉዳቱ ምክንያት ከአጠቃላይ የትምህርት ሥርዓት እንዳይገለል ይደነግጋል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲደግፍ ያዛል። ስለዚህ ሳትጣሉ፣ በትህትና «እንግዲያው አልቀበልም ያላችሁበትን ምክንያት በጽሑፍ ስጡኝ» በሉ። ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚሁ ይለዝባል። ካልለዘበ ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይዛችሁ ሂዱ። የልዩ ፍላጎት ባለሙያውን ጠይቁ፤ የድጋፍ ክፍል ያለው የቅርብ ትምህርት ቤት የትኛው እንደሆነ የሚነግራችሁ እሱ ነው። የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበርም አለ፤ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ማኅበር ነው። እዚያ የምታገኟቸው ሰዎች በዚህ መንገድ በእግራቸው ያለፉ ናቸው።

የአራት ኪሎዋ እናት ከሳምንት በኋላ ልጇን ይዛ ለምዘና ሄደች። አብሬያት ገባሁ። የዚህኛው ትምህርት ቤት መምህርት ዓይናማ ናት። ልጁን ከፊቷ አስቀምጣ «ምን ምን ይታይሃል?» አለችው። ልጁ ዝም አለ። ፊቱን ወደ እናቱ መለሰ። እናቱ ነጠላዋን እያፍተለተለች ትንሽ ቆየችና «ንገራት፣ እውነቱን» አለችው።

«ቲቸር፣ ሹራብሽ ቀይ ነው» አለ።

መምህሯ ከመሳቢያዋ ወፍራም ጥቁር ማርከር አወጣች። ነጭ ወረቀት ላይ በትልቁ «ሀ» ብላ ጻፈች። ክፍሉ ጥግ ድረስ ሄዳ ወረቀቱን ከፍ አድርጋ ያዘችና አንድ አንድ እርምጃ ወደ እሱ ትቀርብ ጀመር። ጥቂት እርምጃ ሲቀራት ልጁ «ሀ!» አለ።